ይልዱ ከፍ ብሎ ብክነቱ ሲበዛ፦ አቶም ኢኮኖሚን እንዴት እናሰላለን?



በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምዳችን የምንመለከተው በኬሚስትሪ፣ በኬሚካል ምህንድስናና በፋርማሲ ክፍሎች በተደጋጋሚ የሚነሳ፣ በፈተናም የሚመጣ አንድ ስሌት ነው፤ አቶም ኢኮኖሚ። ከሌላ ዲፓርትመንት የሆናችሁም ብትሆኑ አትለፉት። ማባዛትና ማካፈል የቻለ ሁሉ እስከ መጨረሻው ሊከተለን ይችላል።

ውዱእ ስናደርግ ቧንቧ ከፍተን እንዳንተው፣ ከሰሐን ላይ ምግብ እንዳናስተርፍ እየተነገረን አድገናል። ኢስራፍ የሚለው ቃል ለማናችንም አዲስ አይደለም። በኬሚስትሪ ውስጥ ግን ብክነት እንደ ቧንቧ ውኃ በዓይን አይታይም። ጥሩ ውጤት በተመዘገበበት ሪፖርት ውስጥ ተደብቆ ሊያልፍ ይችላል። የዛሬው ትምህርት ይህን የተደበቀ ብክነት በቁጥር አውጥተን የምናይበት መንገድ ነው።

፩. ይልድ የማይመልሰው ጥያቄ

በላብ ሪፖርት ላይ ሁልጊዜ የምንጠየቀው ይልድ በመቶኛ ነው። ይልድ የሚነግረን ይህ ነው፦ በስሌት ሊገኝ ከሚችለው ምርት ውስጥ በእጃችን የገባው ምን ያህሉ ነው? ሊገኝ የሚችለው 10 ግራም ሆኖ 9 ግራም ካገኘን ይልዳችን 90 በመቶ ነው። ይህ የሥራችንን ጥራት የሚለካ ጠቃሚ ቁጥር ነው። ሲጣራ የፈሰሰ፣ ሳይጠናቀቅ የቀረ፣ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ የቀረ ካለ ይልዱ ይቀንሳል።

ነገር ግን ይልድ አንድ ጥያቄ አይመልስም። ወደ ሪአክሽኑ ካስገባናቸው አቶሞች ውስጥ፣ ሁሉ ነገር ያለ እንከን ቢሄድ እንኳ፣ የምንፈልገው ውጤት ውስጥ የሚገቡት ስንቶቹ ናቸው? የቀሩትስ ወዴት ይሄዳሉ? አንድ ሪአክሽን 100 በመቶ ይልድ እየሰጠ ከገባው ክብደት ግማሹን ወይም ሦስት አራተኛውን ወደ ተረፈ ምርት ሊለውጥ ይችላል። ይልድ ይህን አያይም፤ ምክንያቱም ሲጀመር የሚያወዳድረው «ሊገኝ ከሚችለው» ጋር እንጂ «ከገባው ሁሉ» ጋር አይደለም።

ይህንን ክፍተት በግልጽ ያነሱት በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስት ባሪ ትሮስት ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ አንድ የሲንቴሲስ መንገድ ጥሩ ነው የሚባለው ምርቱ ብዙ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን የገቡት አቶሞች በውጤቱ ውስጥ ስለተገኙ ጭምር መሆን አለበት ብለው ተከራከሩ፤ ለሐሳቡም አቶም ኢኮኖሚ የሚል ስም ሰጡት። በ1998 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር 12ቱን የግሪን ኬሚስትሪ መርሆዎች ሲያወጡ ይህን ሐሳብ ሁለተኛው መርህ አደረጉት። የመጀመሪያው መርህ ብክነትን ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ እንዳይፈጠር መከላከል ይሻላል የሚለው ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን በወረቀትና በእርሳስ እንድንለካው ያደርገናል ማለት ነው።

፪. ስሌቱ

አቶም ኢኮኖሚ በመቶኛ = (የምንፈልገው ውጤት ሞላር ማስ ÷ የሁሉም ሪአክታንቶች ሞላር ማስ ድምር) × 100

የምንሠራው በአራት ደረጃ ነው።

1. እኩልታውን እናመጣጥናለን። ያልተመጣጠነ እኩልታ ይዞ መቀጠል ትርጉም የለውም።

2. የእያንዳንዱን ሪአክታንት ሞላር ማስ እናሰላለን፤ ከፊቱ ባለው ኮኢፊሸንትም እናባዛለን።

3. የምንፈልገውን ውጤት ሞላር ማስ እንዲሁ ከኮኢፊሸንቱ ጋር እናባዛለን።

4. ውጤቱን ለሪአክታንቶቹ ድምር አካፍለን በ100 እናባዛለን።

አንድ ማረጋገጫ አለን። የቁስ አካል ክብደት ስለማይጠፋ የሪአክታንቶቹ ድምርና የውጤቶቹ ሁሉ ድምር እኩል መሆን አለባቸው። በአስርዮሽ ማጠጋጋት ከሚመጣ ጥቃቅን ልዩነት በላይ ከተለያዩ፣ ወይ እኩልታው አልተመጣጠነም ወይ አንድ ተረፈ ምርት ተረስቷል።

፫. አንድ ክኒን፣ ሦስት መንገድ

በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የኦርጋኒክ ላብ ላይ የሚሠራውን አስፒሪን እንውሰድ።

ሳሊሲሊክ አሲድ + አሴቲክ አንሃይድራይድ → አስፒሪን + አሴቲክ አሲድ

ሞላር ማሶቹ፦ ሳሊሲሊክ አሲድ 138.12፣ አሴቲክ አንሃይድራይድ 102.09፣ አስፒሪን 180.16፣ አሴቲክ አሲድ 60.05 ናቸው። የገባው ድምር 138.12 + 102.09 = 240.21 ነው። የወጣውም 180.16 + 60.05 = 240.21 ነው። ሚዛኑ ልክ ነው።

አቶም ኢኮኖሚ = (180.16 ÷ 240.21) × 100 = 75.0 በመቶ

ቁጥሩን በአቶሞች ቆጠራ ስናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የገቡት 11 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ናቸው። አስፒሪኑ ውስጥ የተገኙት 9 ካርቦን፣ 8 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን ናቸው። 2 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን አሴቲክ አሲድ ሆነው ወጥተዋል። አሴቲክ አንሃይድራይድ ሁለት አሴቲል ክፍሎች ያሉት ሲሆን አስፒሪኑ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው። እጃችን የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሁለተኛውን ወደ ምርት ልንለውጠው አንችልም። መንገዱ ራሱ ከመጀመሪያው ሩቡን ክብደት ለተረፈ ምርት መድቦታል።

ታዲያ ሌላ መንገድ የለም? በወረቀት ላይ ቢያንስ ሁለት አለ።

በአሴቲክ አንሃይድራይድ ፈንታ አሴቲል ክሎራይድ ብንጠቀም ሞላር ማሱ 78.50 ነው፤ የገባው ድምር 216.62 ይሆናል። አቶም ኢኮኖሚው 83.2 በመቶ ነው። ቁጥሩ አደገ። የሚወጣው ግን ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው፤ ዓይንንና ሳንባን የሚያቃጥል፣ ብረትን የሚበላ ጋዝ። አሴቲል ክሎራይድ ራሱም ከእርጥበት ጋር በኃይል የሚጋጭ አስቸጋሪ ኬሚካል ነው።

አሴቲክ አሲድን በቀጥታ ብንጠቀምስ? 138.12 + 60.05 = 198.17፤ አቶም ኢኮኖሚው 90.9 በመቶ ይደርሳል፤ የሚቀረውም ውኃ ብቻ ነው። ከሦስቱ ሁሉ የሚያምረው ቁጥር ይህ ነው። ችግሩ ሪአክሽኑ በደንብ አለመሄዱ ነው። ከቤንዚን ቀለበት ጋር የተያያዘው የሳሊሲሊክ አሲድ የፊኖል ክፍል ከአሴቲክ አሲድ ጋር በቀላሉ ኤስተር አይሠራም፤ ሚዛኑም ወደ ኋላ ያዘነብላል። አቶም ኢኮኖሚው ከፍ ያለ፣ ይልዱ ግን ዝቅ ያለ መንገድ ይሆናል።

ከዚህ የምንማረው አቶም ኢኮኖሚ ብቻውን ፍርድ እንደማይሰጥ ነው። ከይልድ ጋር፣ ከቀሪው ዓይነትና ከአደጋው ጋር አብሮ ይነበባል። በላብ ውስጥ 75 በመቶ ያለው መንገድ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

፬. የሪአክሽኑ ዓይነት አስቀድሞ ይናገራል

ሞላር ማስ ከማስላታችን በፊት እንኳ የሪአክሽኑን ዓይነት አይተን መገመት እንችላለን።

መደመር፣ ማለትም አዲሽን። ሁለት ሞለኪውሎች ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ የሚወጣ ነገር የለም። ኤቲን ከሃይድሮጅን ጋር ኤቴን ሲሠራ አቶም ኢኮኖሚው 100 በመቶ ነው።

መልሶ መደራጀት፣ ማለትም ሪአሬንጅመንት። ያው ሞለኪውል አቶሞቹን ቦታ ያለዋውጣል። ይህም 100 በመቶ ነው።

መተካት፣ ማለትም ሰብስቲትዩሽን። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከ100 በታች ነው። ለምሳሌ 1-ቡታኖልን ከሶዲየም ብሮማይድና ከሰልፈሪክ አሲድ ጋር አድርገን 1-ብሮሞቡቴን ስንሠራ የሚገባው 74.12 + 102.89 + 98.08 = 275.09 ነው። ምርቱ 137.02 ነው። አቶም ኢኮኖሚው 49.8 በመቶ ይሆናል። ይልዱ 100 በመቶ ቢሆን እንኳ ግማሹ ክብደት ሶዲየም ሃይድሮጅን ሰልፌትና ውኃ ሆኖ ይቀራል። እዚህ ላይ ሰልፈሪክ አሲዱ በእኩልታው ውስጥ የሚበላ ሪአክታንት ነው፤ ካታሊስት ነው ብሎ ከድምሩ ማውጣት ስህተት ነው።

ማስወገድ፣ ማለትም ኢሊሚኔሽን። ከአንድ ሞለኪውል ላይ ክፍል ስለሚወጣ ይህም ከ100 በታች ነው።

የከፋ ምሳሌ ለሚፈልግ የዊቲግ ሪአክሽን አለ። የፈጠሩት ጌኦርግ ዊቲግ በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈሉበት፣ ለሲንቴሲስ እጅግ ጠቃሚ ሪአክሽን ነው። ሳይክሎሄክሳኖን ወደ ሜቲሊንሳይክሎሄክሴን ሲለወጥ ምርቱ 96.17 ሲሆን የሚቀረው ትሪፊኒልፎስፊን ኦክሳይድ ግን 278.28 ነው። አቶም ኢኮኖሚው 25.7 በመቶ ብቻ ነው። ቀሪው ከምርቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ይመዝናል።

፭. የገበሬው ዩሪያ

ብዙዎቻችን ከገበሬ ቤት የመጣን ነን፤ ባንሆንም ዩሪያን የማያውቅ የለም። ይህ ነጭ ማዳበሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

2 አሞኒያ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ → ዩሪያ + ውኃ

የአሞኒያ ሞላር ማስ 17.031 ስለሆነ ሁለቱ 34.06 ይሆናሉ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 44.01 ነው። ድምሩ 78.07 ነው። ዩሪያ 60.06 ነው።

አቶም ኢኮኖሚ = (60.06 ÷ 78.07) × 100 = 76.9 በመቶ

ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከአሞኒያ ፊት ያለውን 2 የረሳ ሰው 98.4 በመቶ ያገኛል፤ ቁጥሩም ስለሚያምር አይጠራጠረውም። ማረጋገጫውን ቢጠቀም ግን ወዲያው ይነቃል፤ የገባው 61.04 ሆኖ የወጣው 78.08 ሊሆን አይችልም።

የዩሪያ 76.9 ከአስፒሪን 75.0 ብዙም አይርቅም። ቀሪው ግን ይለያያል። ከዩሪያ የሚቀረው ውኃ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ካገኘን በኋላ ሁልጊዜ «የቀረው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። 25 በመቶ ውኃና 25 በመቶ መርዛማ ጨው አንድ አይደሉም።

የዩሪያ ግብዓት የሆነው አሞኒያ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን ተዋህደው አሞኒያ ሲሆኑ ሌላ ውጤት ስለሌለ አቶም ኢኮኖሚው 100 በመቶ ነው። በሃበር ሂደት ግን፣ በ450 ዲግሪ ሴልሺየስና በ200 አትሞስፌር ገደማ፣ ጋዙ አንድ ጊዜ በካታሊስቱ ላይ ሲያልፍ ወደ አሞኒያ የሚለወጠው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያልተለወጠው ተመልሶ እንዲገባ ይደረጋል። አቶም ኢኮኖሚ 100 ማለት ይልድ 100 ማለት አይደለም፤ ይልድ 100 ማለትም አቶም ኢኮኖሚ 100 ማለት አይደለም። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዚህ ትምህርት ግማሹ ነው።

፮. ኢቡፕሮፌን፦ መንገዱን የቀየረው ስሌት

ራስ ምታት ሲይዘን ከፋርማሲ የምንገዛው ኢቡፕሮፌን የተገኘው በእንግሊዝ አገር በቡትስ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በ1960ዎቹ ያወጣው የአሠራር መንገድ ስድስት ደረጃዎች አሉት። የእነዚህ ስድስት ደረጃዎች ሪአክታንቶች ሁሉ ሲደመሩ 514.5 ይሆናሉ። የኢቡፕሮፌን ሞላር ማስ 206.3 ነው። አቶም ኢኮኖሚው 40 በመቶ ነው።

ይህን ወደ ኪሎ ግራም እንመልሰው። አንድ ኪሎ ኢቡፕሮፌን ለመሥራት፣ ሁሉም ደረጃ 100 በመቶ ይልድ ቢሰጥ እንኳ፣ 2.5 ኪሎ ገደማ ግብዓት ይገባል፤ 1.5 ኪሎ ገደማው ተረፈ ምርት ይሆናል። በዓለም ላይ በብዙ ሺህ ቶን የሚመረት መድኃኒት ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያ ሁሉ ተረፈ ምርት ተጓጉዞ የሆነ ቦታ መጣል፣ መታከም ወይም መቃጠል አለበት።

በኋላ ቡትስ ከሄክስት ሴላኒዝ ጋር በመተባበር ሦስት ደረጃ ብቻ ያለው መንገድ ተዘጋጀ። በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ቢሾፕ በምትባል ከተማ ባለ ፋብሪካ ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1997 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን የፕሬዚዳንቱን የግሪን ኬሚስትሪ ሽልማት አገኘ። ደረጃ በደረጃ እናስላው።

ደረጃ 1፦ አይሶቡቲልቤንዚን (134.22) + አሴቲክ አንሃይድራይድ (102.09) → ኬቶን (176.26) + አሴቲክ አሲድ (60.05)። አቶም ኢኮኖሚው 74.6 በመቶ ነው።

ደረጃ 2፦ ኬቶኑ ላይ ሃይድሮጅን (2.02) ይደመራል፤ አልኮል (178.28) ይሆናል። 100 በመቶ።

ደረጃ 3፦ አልኮሉ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ (28.01) ይደመራል፤ ኢቡፕሮፌን (206.29) ይሆናል። 100 በመቶ።

የጠቅላላውን ሂደት አቶም ኢኮኖሚ ስንፈልግ የሦስቱን መቶኛዎች አናባዛም፤ አማካያቸውንም አንወስድም። ከውጭ የገቡትን ግብዓቶች ሁሉ እንደምራለን፤ በመሀል የተሠሩትን ኬቶንና አልኮል አንቆጥርም።

134.22 + 102.09 + 2.02 + 28.01 = 266.34

(206.29 ÷ 266.34) × 100 = 77.5 በመቶ

አሁን ለአንድ ኪሎ ኢቡፕሮፌን የሚቀረው 0.29 ኪሎ ብቻ ነው። እሱም አሴቲክ አሲድ ስለሆነ ተለይቶ ለሌላ ጥቅም ሊውል ይችላል። ያ ሲሆን አጠቃቀሙ ወደ 99 በመቶ ይጠጋል። መድኃኒቱ አልተለወጠም፤ ክኒኑም ያው ነው። የተለወጠው ወደ እሱ የሚወስደው መንገድ ነው። ቁልፉም በክፍል ፬ ያየነው ነው፤ ከሦስቱ ደረጃዎች ሁለቱ የመደመር ሪአክሽኖች ናቸው።

፯. ስሌቱ የማያያቸው ነገሮች

አቶም ኢኮኖሚ በእኩልታው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያየው። ስለዚህ የማያያቸውን ማወቅ ግዴታችን ነው።

አንደኛ፣ ትርፍ ግብዓትን አያይም። ወደ አስፒሪኑ እንመለስ። 2.00 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድና 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድ ተጠቅመን 2.10 ግራም አስፒሪን አገኘን እንበል። ሊገኝ የሚችለው 2.61 ግራም ስለሆነ ይልዱ 80.5 በመቶ ነው፤ ለላብ መልካም ውጤት ነው። ነገር ግን 5 ሚሊ ሊትር አንሃይድራይድ 5.40 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ይህም ከሚያስፈልገው ሞል ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ነው። በጠቅላላው የገባው 7.40 ግራም ሲሆን የወጣው ምርት 2.10 ግራም ነው።

(2.10 ÷ 7.40) × 100 = 28.4 በመቶ

ይህ ቁጥር ሪአክሽን ማስ ኤፊሸንሲ ይባላል። ትርፍ ግብዓት ባይኖር ኖሮ አቶም ኢኮኖሚውን በይልዱ አባዝተን 0.750 × 0.805፣ ማለትም 60.4 በመቶ እናገኝ ነበር። ከ60.4 ወደ 28.4 ያወረደው ትርፉ አንሃይድራይድ ነው። በአንድ ሙከራ ላይ ሦስት ቁጥሮች አገኘን፤ 80.5፣ 75.0 እና 28.4። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል።

ሁለተኛ፣ ሶልቨንትን፣ ማጠቢያ ውኃንና ካታሊስትን አያይም። በቀድሞው የኢቡፕሮፌን መንገድ አሉሚኒየም ክሎራይድ ካታሊስት ቢባልም በብዛት ገብቶ ቆሻሻ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ በ40 በመቶው ስሌት ውስጥ ግን የለም። ይህንን ለማየት ሮጀር ሼልደን በ1992 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ኢ-ፋክተር ይጠቅማል። ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ ብሎ ይጠይቃል። በነዳጅ ማጣሪያ 0.1 ገደማ ነው፤ በመድኃኒት ምርት ግን ከ25 እስከ 100ና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በእኛ የአስፒሪን ምሳሌ ውኃውን ሳንቆጥር 5.30 ÷ 2.10፣ ማለትም 2.5 ነው።

ሦስተኛ፣ አደጋን አያይም። አዲሱ የኢቡፕሮፌን መንገድ በመጀመሪያ ደረጃው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ይጠቀማል። ሁሉም ማለት ይቻላል ተመልሶ ስለሚሰበሰብ እንደ ብክነት አይቆጠርም፤ ነገር ግን ቆዳን ዘልቆ አጥንት ድረስ የሚጎዳ እጅግ አደገኛ ኬሚካል ነው።

አራተኛ፣ ግብዓቱ ከየት እንደመጣ አያይም። ኤታኖል ከኤቲንና ከውኃ ሲሠራ 100 በመቶ ነው። ከግሉኮስ በማብላላት ሲሠራ ግን ከ180.16 ውስጥ 92.14 ብቻ ኤታኖል ስለሚሆን 51.1 በመቶ ነው፤ ቀሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በቁጥሩ ብቻ ከሄድን የመጀመሪያው ያሸንፋል። ኤቲኑ ግን በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ የሚመጣ ሲሆን፣ እንደ ፊንጫና መተሃራ ባሉ ስኳር ፋብሪካዎቻችን ኤታኖል የሚመረተው ከስኳር ተረፈ ምርት ከሞላሰስ ነው። የሚወጣውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሸንኮራው ሲያድግ ከአየር የወሰደው ነው።

፰. ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የሲኒየር ፕሮጀክት ርዕስ ስንመርጥ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የምንወስደው ከተገኘው ጽሑፍ ላይ ነው። ኬሚካል ከመጠየቃችን በፊት በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሁለት ወይም የሦስት መንገዶችን አቶም ኢኮኖሚ አስልተን ማወዳደር እንችላለን። ውድ ሪኤጀንት በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ይህ ተራ ነገር አይደለም፤ የአንዱ ተማሪ ቆሻሻ የሚቀጥለው ተማሪ ሙከራ ነበር። በሪፖርታችንም ላይ ከይልዱ ጎን አቶም ኢኮኖሚውንና ሪአክሽን ማስ ኤፊሸንሲውን ብንጽፍ የውይይት ክፍሉ ይጠነክራል።

ከሁሉ በላይ ግን የቀረው ነገር ባለቤት አለው። እኩልታው ላይ ከቀስቱ በስተቀኝ «እና ተረፈ ምርት» ብለን የምናልፈው ነገር አይጠፋም። ወደ ቧንቧው ብንደፋው ወንዝ ውስጥ ይገኛል፤ ያንን ወንዝ የሚጠቀም ሰውና ከብት አለ። ስለዚህ ቀሪው ምን እንደሆነ፣ ስንት ግራም እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ላብ ቴክኒሺያኑን እንጠይቅ። ሰው የማያየው ብክነት ሐቅ የለበትም ማለት አይደለም።

መልመጃ

1. ሳሙና። ትሪስቴሪን የተባለው ስብ (891.48) ከ3 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ (እያንዳንዱ 40.00) ጋር 3 ሶዲየም ስቴሬት፣ ማለትም ሳሙና (እያንዳንዱ 306.46) እና ግሊሰሪን (92.09) ይሰጣል። አቶም ኢኮኖሚው ስንት ነው? ግሊሰሪኑ ለቅባት ቢሸጥስ?

2. ኖራ። ካልሲየም ካርቦኔት (100.09) በሙቀት ወደ ካልሲየም ኦክሳይድ (56.08) እና ካርቦን ዳይኦክሳይድ (44.01) ይለወጣል። በሲሚንቶ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። አቶም ኢኮኖሚው ስንት ነው?

3. ሃይድሮጅን። ሜቴን (16.04) ከውኃ (18.02) ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድና 3 ሃይድሮጅን (በድምሩ 6.05) ይሰጣል። ሂደቱ ቢቀጥል ሜቴን ከ2 ውኃ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድና 4 ሃይድሮጅን (በድምሩ 8.06) ይሰጣል። የሁለቱን አስሉ። ሃይድሮጅኑ ጨምሮ ሳለ መቶኛው ለምን ቀነሰ?

መልስ። 1) 919.38 ÷ 1011.48፣ ማለትም 90.9 በመቶ ነው፤ ግሊሰሪኑ ጥቅም ላይ ሲውል 100 በመቶ ይሆናል። 2) 56.0 በመቶ ነው፤ የምድጃው ነዳጅ ሳይቆጠር ከ100 ኪሎ ድንጋይ 44 ኪሎ ጋዝ ይወጣል። 3) 17.8 እና 15.5 በመቶ ናቸው፤ ተጨማሪው ውኃ ያመጣው ሃይድሮጅን ቀላል፣ ኦክስጅኑ ግን ከባድ ስለሆነ የገባው ክብደት ከምርቱ ይበልጥ ጨመረ።

መልሳችሁ ካልገጠመ መጀመሪያ ኮኢፊሸንቶቹን፣ ቀጥሎም የሁለቱን ወገን ድምር ተመልከቱ። ተጋግዛችሁ ሥሩት፤ የገባው ላልገባው ያስረዳ። አላህ የሚጠቅመንን ዕውቀት ይስጠን፤ ባወቅነው የምንሠራም ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።